ተለጥጦ የሚመለስ ጠርዝ፦ የኪሮሽ ላስቲክ አመራረጥና አሠራር



ብርዱ ከመግባቱ በፊት የማኅበራችን የእጅ ሥራ ቡድን ለአዲስ ተማሪዎች ኮፍያ ይሠራል። በየዓመቱ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ «ኮፍያው አምሯል፣ ግን ለምን ጭንቅላት ላይ አልቆም አለ?» አንዱ ግንባር ላይ ምልክት እስኪያወጣ ድረስ ያጠብቃል። ሌላው በሳምንቱ ሰፍቶ ዓይን ላይ ይወርዳል። ሁለቱም መጨረሻቸው መሳቢያ ውስጥ ነው። ለፈተና ከሚጠናበት ሰዓት ተቀንሶ የተሠራ ኮፍያ መሳቢያ ውስጥ ሲቀር ያሳዝናል፤ የመጀመሪያ በረዶውን የሚያይ ልጅ ጆሮውን ሳይሸፍን ሲወጣ ደግሞ የበለጠ ያሳዝናል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው በኮፍያው ጠርዝ ላይ፣ ማለትም በተለምዶ ላስቲክ በምንለው ጎድን ጎድን ባለው ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በኪሮሽ ላስቲክ እንዴት እንደሚመረጥና እንዴት እንደሚሠራ አስረዳለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ጥሩ ላስቲክ ማለት ብዙ የሚለጠጥ ማለት አይደለም፤ ተለጥጦ ወደ ቦታው የሚመለስ ማለት ነው። አሮጌ ካልሲም እኮ በደንብ ይለጠጣል፤ የማይችለው መመለሱን ነው።

በቃላቱ እንስማማ

ከቪዲዮ የሚማር ሰው በቀላሉ የሚደናገረው በስያሜው ነው። የአሜሪካና የእንግሊዝ አገር ስያሜዎች አንድ ዓይነት ቃል ይዘው የተለያየ ነገር ያመለክታሉ። አሜሪካኖች «ሲንግል ክሮሼ» የሚሉትን እንግሊዞች «ደብል ክሮሼ» ይሉታል፤ አሜሪካኖች «ደብል» የሚሉት ደግሞ በእንግሊዝ «ትሬብል» ነው። ስለዚህ መመሪያ ስታነቡ በመጀመሪያ የየትኛው አገር ስያሜ እንደሆነ አረጋግጡ። የኪሮሹንም መጠን በፊደል ሳይሆን በሚሊሜትር ብትይዙ አትሳሳቱም።

እኔ እዚህ የምጠቀምባቸው ቃላት እነዚህ ናቸው።

ኪሮሹን አስገብተን፣ ክር ስበን አውጥተን፣ እንደገና ክር ጠምጥመን በሁለቱ ቀለበቶች ውስጥ ስናሳልፍ ነጠላ እለዋለሁ (ከላይ የምንደርበውን ነጠላ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ)። ከማስገባታችን በፊት አንድ ጊዜ ክር ጠምጥመን፣ ስበን ካወጣን በኋላ በሦስቱም ቀለበቶች ውስጥ በአንድ ጊዜ ካሳለፍን ግማሽ ድርብ ነው። አንድ ጊዜ ጠምጥመን አስገብተን፣ ሁለት ሁለት ቀለበት እያደረግን ሁለት ጊዜ ካሳለፍን ድርብ ይሆናል። አስገብተን የሳብነውን ክር ኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ በቀጥታ ካሳለፍን ደግሞ ተንሸራታች ነው። እያንዳንዱን የተጠናቀቀ ሥራ ቋጠሮ፣ የቋጠሮዎቹን መስመር ረድፍ እላለሁ።

አንድ ረድፍ ሠርታችሁ ከላይ ብትመለከቱት እያንዳንዱ ቋጠሮ ሁለት ክሮች አሉት። ወደ እናንተ ያለው የፊት ቀለበት፣ ከወዲያ ያለው የኋላ ቀለበት ነው። የላስቲክ ምስጢር አብዛኛው ያለው በእነዚህ ሁለት ክሮች መካከል ነው።

ከዳንቴል ወደ ላስቲክ

ብዙዎቻችን ኪሮሽን ያወቅነው በዳንቴል ነው፤ በቴሌቪዥኑ፣ በሶፋው፣ በጠረጴዛው ላይ በሚነጠፈው። ዳንቴል በቀጭን የጥጥ ክርና በቀጭን ኪሮሽ ይሠራል። ጥብቅ ያለ እጅ ይመሰገንበታል፤ ምክንያቱም ዳንቴል ቅርጹን ጠብቆ ጠፍጣፋ ሆኖ መቀመጥ አለበት። ላስቲክ የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው፦ ላላ ያለ እጅ፣ ወፈር ያለ ኪሮሽ፣ ራሱ የሚለጠጥ ክር። ስለዚህ ከእናቱ ወይም ከእኅቱ ዳንቴል የተማረ ሰው ሙያው አለው፤ የሚለውጠው የእጁን አያያዝ ብቻ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ኪሮሽ ለምን እንደ ሹራብ እንደማይለጠጥ እንይ። በሁለት መርፌ የሚሠራ ሹራብ ውስጥ ቀለበቶቹ እርስ በርሳቸው የተንጠለጠሉ እንጂ የተቆለፉ አይደሉም። ስንስበው ክሩ ከአንዱ ቀለበት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ስንለቀው ይመለሳል። በኪሮሽ ግን እያንዳንዱ ቋጠሮ ከሚቀጥለው በፊት ይዘጋል። ክሩ እንደ ልቡ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ስለዚህ በኪሮሽ መለጠጥን ከክሩ መንሸራተት ብቻ መጠበቅ አይቻልም፤ ጨርቁ ራሱ እንዲታጠፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ጨርቁ የሚታጠፈው እንዴት ነው?

በሁለቱም ቀለበቶች ሥር ኪሮሹን እያስገባን ስንሠራ ረድፎቹ ቀጥ ብለው ይደራረባሉ። በኋላ ቀለበት ብቻ ስንሠራ ግን የፊት ቀለበቱ ሳይነካ ይቀርና እንደ ሸንተረር ጎልቶ ይወጣል። ረድፉን ጨርሰን ሥራውን አዙረን ስንመለስ የሚቀጥለው ሸንተረር በሌላው ፊት ላይ ይወጣል። እንዲህ እየተፈራረቀ ሲሄድ ጨርቁ እንደ አኮርዲዮን ወደፊትና ወደኋላ ይታጠፋል። ስንስበው እጥፋቱ ይከፈታል፣ ስንለቀው ይዘጋል። በእንግሊዝኛ መመሪያዎች «ባክ ሉፕ ኦንሊ» ወይም በምኅጻረ ቃል «ቢ.ኤል.ኦ.» የሚባለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ አቅጣጫውን ልብ በሉ። እጥፋቱ የሚከፈተው ረድፍ በረድፍ ላይ በሚጨመርበት አቅጣጫ ነው እንጂ በረድፉ ርዝመት አይደለም። ኮፍያ ደግሞ መለጠጥ ያለበት በጭንቅላት ዙሪያ ነው። ስለዚህ ላስቲኩን ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን እንሠራዋለን፦ ጠባብና ረጅም እንደ መቀነት፣ ረድፎቹ አጫጭር ሆነው። መቀነቱ የጭንቅላቱን ዙሪያ ሲደርስ ሁለቱን ጫፎች እናጋጥማለን። ያኔ ሸንተረሮቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ መለጠጡም በትክክለኛው አቅጣጫ ይሆናል።

አምስት ምርጫዎች

*1. ተንሸራታች በኋላ ቀለበት።* ሹራብን በጣም የሚመስለውና ከሁሉም በላይ የሚለጠጠው ይህ ነው። ጉድለቱ ጊዜ መፍጀቱ ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ ዝቅተኛ ስለሆነ ብዙ ረድፍ ይፈልጋል። እጅ ትንሽ ከጠበቀ ደግሞ ኪሮሹ አይገባም። ከተለመደው አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ወፈር ያለ ኪሮሽ ያዙ። ለጓንት አንጓ እና ለካልሲ አፍ እመርጠዋለሁ።

*2. ነጠላ በኋላ ቀለበት።* ለአብዛኛው ሥራ የምመክረው ይህን ነው። በደንብ ይለጠጣል፣ በደንብም ይመለሳል፣ ለጀማሪም አያስቸግርም። ለኮፍያ ጠርዝ፣ ለእጅጌ ጫፍ፣ ለሹራብ ወገብ ይሆናል።

*3. ግማሽ ድርብ በኋላ ቀለበት።* ፈጣንና ለስላሳ ነው፤ ሸንተረሮቹም ሰፋ ሰፋ ብለው ያምራሉ። አመላለሱ ግን ከነጠላው ትንሽ ይላላል። ለአንገት ልብስና ሙሉውን በላስቲክ ለሚሠራ ኮፍያ ጥሩ ነው።

*4. ግማሽ ድርብ በሦስተኛው ቀለበት።* ግማሽ ድርብ ከሁለቱ ቀለበቶች ሌላ አንድ ተጨማሪ አግድም ክር አለው፤ ኪሮሹን ከማስገባታችን በፊት የጠመጠምነው ነው። ሥራውን አዙረን ስንመለስ ይህ ክር ከፊት ቀለበቱ በታች ወደ እኛ ሆኖ ይታያል። በእሱ ብቻ ስንሠራ ሁለቱ የላይ ቀለበቶች ተገፍተው እንደ ሹሩባ ጉንጉን ይታያሉ። የሚመረጠው በተለይ ለመልኩ ነው፤ መለጠጡ መካከለኛ ነው።

*5. የፊትና የኋላ ምሰሶ።* ይህ ከሌሎቹ ይለያል፤ ወደ ጎን ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ይሠራል። መጀመሪያ አንድ ረድፍ ድርብ እንሠራለን። ቀጥሎ ኪሮሹን በቋጠሮው ራስ ሳይሆን በቁመቱ፣ በምሰሶው ዙሪያ እናስገባለን፦ አንዱን ከፊት፣ ቀጣዩን ከኋላ እያፈራረቅን። የፊቱ ይጎላል፣ የኋላው ይሰርጋል። ወፍራም፣ ሞቃትና በጣም የሚያምር ነው፤ ነገር ግን ክር ይበላል፣ መለጠጡም ከኋላ ቀለበቱ ያነሰ ነው። ሌላም ችግር አለው፤ የመነሻው ሰንሰለት የኮፍያው አፍ ላይ ይውላል፣ ሰንሰለት ደግሞ አይለጠጥም። ስለዚህ ሰንሰለቱን በወፍራም ኪሮሽ ላላ አድርጋችሁ ጀምሩ።

ድርብን በኋላ ቀለበት መሥራትስ? ይቻላል፤ በጣም ፈጣንም ነው። ግን ቋጠሮዎቹ ረጃጅም ስለሆኑ ሸንተረሮቹ ይራራቃሉ፣ ጨርቁም ተለጥጦ ይቀራል። ለሻርፕ እንጂ ለጠርዝ አይሆንም። ደንቡን በአንድ ዐረፍተ ነገር ልጠቅልለው፦ ቋጠሮው ባጠረ ቁጥር ላስቲኩ የተሻለ ይመለሳል፣ ሥራውም የዚያኑ ያህል ይረዝማል።

ምርጫው በልኩ ይወሰናል። ለምሳሌ የጓንት አንጓን እንውሰድ። የእጅ አንጓ ዙሪያው 16 ሴንቲ ሜትር፣ መዳፉ በሰፊው ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ላስቲኩ መዳፉን አሳልፎ እንደገና አንጓው ላይ መሰብሰብ አለበት። ከ16 ወደ 20 ማለት የሩብ ያህል መለጠጥ ነው። ለዚህ 1ኛው ወይም 2ኛው ያስፈልጋል። ኮፍያ ግን የሚለጠጠው ትንሽ ስለሆነ ከአምስቱ ማናቸውም ሊያገለግል ይችላል።

ክሩ ራሱ

የተሻለውን አሠራር መርጠን ክሩን ካልመረጥን ድካማችን ከንቱ ነው። የበግ ፀጉር በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ስለሆነ ይለጠጣል፣ ይመለሳል። በሙቅ ውኃ ታሽቶ ከታጠበ ግን ተጨማትሮ ይጠነክራልና በቀዝቃዛ ውኃ ቀስ ብሎ ማጠብ ይገባል። አክሪሊክ ርካሽ ነው፣ በማሽን ይታጠባል፣ አመላለሱም ደኅና ነው፤ ጠላቱ ሙቀት ነው። ካውያ ወይም እንፋሎት በአክሪሊክ ላስቲክ ላይ ካረፈ ይለሰልስና ተዘርግቶ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ጥጥ ደግሞ አንዴ ከተለጠጠ አይመለስም፣ ሲረጥብም ይከብዳል። ለዳንቴል ንጉሥ የሆነው ጥጥ ለላስቲክ ደካማ ነው ማለት ነው። ለማናውቀው ሰው የምንሠራ ከሆነ አክሪሊክ ወይም ከበግ ፀጉር ጋር የተደባለቀ አክሪሊክ እመርጣለሁ፤ ተቀባዩ በዶርም ማሽን ውስጥ እንደሚከተው መገመት ብልህነት ነው።

ናሙናና ልኬት

ኮፍያውን ከመጀመራችሁ በፊት የ20 ደቂቃ ናሙና ሥሩ። 10 ቋጠሮ ስፋት፣ 18 ወይም 20 ረድፍ ርዝመት ይበቃል። ሦስት ጊዜ ለኩት፦ መጀመሪያ ሳትነኩት፤ ቀጥሎ ሳታስጨንቁት ወጥራችሁ በስፒል ትራስ ላይ አድርጋችሁ፤ በመጨረሻ አንድ ሌሊት አሳድራችሁ ስፒሉን ፈትታችሁ ጥቂት ካረፈ በኋላ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ልኬት ከተቀራረቡ ላስቲኩ ይሠራል። የመጨረሻው በግልጽ ከበለጠ ቀጠን ያለ ኪሮሽ ያዙ፣ ወይም አጠር ወዳለው ቋጠሮ ውረዱ፣ ወይም ክሩን ለውጡ።

ጭንቅላት ስትለኩ ሰው እንደሚለብሰው ለኩ። ሹሩባ የምትሠራ፣ ጎፈሬ ያሳደገ፣ ድሬድ ያለው፣ ኮፍያውን በሒጃቧ ላይ የምታደርግ፤ እነዚህ ሁሉ ልካቸው ሱቅ ውስጥ ካለው ሠንጠረዥ ጋር አይገጥምም። በራሳችን እጅ የመሥራት ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው። ሜትሩን ከቅንድብ በላይና ከጆሮ ላይ አዙሩት፣ ፀጉሩ ወይም ሻርፑ እንዳለ ሆኖ።

አሁን እናስላ። ዙሪያው 57 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ላስቲኩ ጭንቅላቱን እንዲይዝ ከልኩ ትንሽ ማነስ አለበት፤ ከመቶ ከ5 እስከ 10 እቀንሳለሁ። ከመቶ 6 ብንቀንስ 53.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ናሙናችን በ10 ሴንቲ ሜትር 18 ረድፍ ከሰጠን፣ 53.5 በ1.8 ሲባዛ 96 ረድፍ ይሆናል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ጥንድ ይሁን፤ ሸንተረሩ በየሁለት ረድፉ ስለሚደገም ጎዶሎ ከሆነ መጋጠሚያው ላይ ይሰበራል።

አሠራሩ፣ ደረጃ በደረጃ

መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር (ወረቀቱ ላይ 4 ቁጥር ያለበት) እና 5 ሚሊሜትር ኪሮሽ ያዙ።

1. 11 ሰንሰለት ሥሩ። ከኪሮሹ ሁለተኛው ሰንሰለት ጀምራችሁ በእያንዳንዱ አንድ ነጠላ፤ 10 ይሆናል።
2. 1 ሰንሰለት ሠርታችሁ አዙሩ። በኋላ ቀለበት ብቻ 10 ነጠላ ሥሩ። የመጨረሻውን ቋጠሮ ግን በሁለቱም ቀለበቶች ሥር አስገቡት፤ ጠርዙ ቀጥ ይላል።
3. 96 ረድፍ እስኪሞላ ድገሙ። በየ10 ረድፉ የቀለም ክር ወይም ስፒል ምልክት አድርጉ፤ ሸንተረር መቁጠር ዓይን ያታልላል።
4. ሁለቱን ጫፎች ሳታጠማዝዙ አጋጥማችሁ፣ ከመጨረሻው ረድፍ የኋላ ቀለበትና ከመነሻው ሰንሰለት በተንሸራታች አያይዙ። አታጥብቁት።
5. አሁን ከመቀነቱ የላይኛው ጎን ቋጠሮ እናነሣለን። በየ6 ረድፉ ጫፍ 5 ግማሽ ድርብ ከሠራችሁ 80 ይሆናል፤ ይህም በ10 ሴንቲ ሜትር 14 ቋጠሮ ለሚወጣለት እጅ 57 ሴንቲ ሜትር ነው። ብዙ ፀጉር ላለው ሰው ከእያንዳንዱ ረድፍ አንድ አንሡ፤ 96 ይሆናል፣ ኮፍያውም ከላይ ይሰፋል።
6. በግማሽ ድርብ፣ በሁለቱም ቀለበቶች ሥር፣ ከታችኛው ጠርዝ 13 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ዙሩ።
7. ከዚያ በየዙሩ 8 ቋጠሮ ቀንሱ፤ ማለትም ሁለት ቋጠሮ አንድ የሚሆንበት በእኩል ርቀት 8 ቦታ። 80 የነበረው 72፣ 64፣ 56 እያለ በ9ኛው ዙር 8 ይቀራል። በ96 የጀመረው 11 ዙር ይፈጅበታል። ክሩን በቀሩት ቀለበቶች ውስጥ አሳልፋችሁ ሰብስቡ፣ ቋጥሩ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

መቀነቱ እየጠበበ ከሄደ የረድፉ መጨረሻ ቋጠሮ እየተዘለለ ነው፤ እስኪለመድ በየረድፉ 10 መሆኑን ቁጠሩ። ሸንተረሩ አንድ ቦታ ላይ ከጠፋ በዚያ ረድፍ ኪሮሹ በሁለቱም ቀለበቶች ገብቷል፤ እስከዚያ መፍታት ይሻላል፣ ተለብሶ አይደበቅም። ኮፍያው ከላስቲኩ በላይ እንደ ቀሚስ ከተዘረጋ በ5ኛው ደረጃ የተነሣው ቋጠሮ በዝቷል። ላስቲኩ ከተሸበሸበና ከላይ ከተጨበጠ ደግሞ አንሷል። ላስቲኩ ካርቶን ከመሰለ እጁ ጠብቋል፤ ግማሽ ሚሊሜትር ወፈር ያለ ኪሮሽ ሞክሩ።

በመጨረሻ ለቡድናችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ኮፍያ ስንሰጥ ክሩ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚታጠብ በትንሽ ወረቀት ጽፈን ብናያይዝ ጥሩ ነው። «አክሪሊክ ነው፣ ካውያ አይነካውም» የሚል አንድ መስመር የኮፍያውን ዕድሜ በዓመታት ያራዝመዋል። ናሙናችሁንም አትጣሉ፤ የኪሮሹን ቁጥርና ሦስቱን ልኬቶች ጽፋችሁ አያይዙበትና በቡድኑ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡት። የሚቀጥለው ዓመት ሠሪ ከዜሮ አይጀምርም።

መልካም ሥራ፣ ሞቅ ያለ ወቅት ይሁንላችሁ።